ያረጀ አውራ የፍሳሽ መስመር እንዴት ይታደሳል? የፖቶማክ አደጋና ከጀርባው ያለው የውል ጥያቄ

ጥር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2026)፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጥምቀትን በሚያከብሩበት ዕለት፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከክላራ ባርተን ፓርክዌይ አጠገብ የተቀበረ ትልቅ የፍሳሽ ቧንቧ ተደረመሰ። ቧንቧው ፖቶማክ ኢንተርሴፕተር ይባላል። የውስጥ ስፋቱ 72 ኢንች፣ ማለትም 1.83 ሜትር ነው፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ቆሞ ይሄድበታል። እስኪጠገን ድረስ ከ200 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ገብቷል።

ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ወሬ ሦስት ጥያቄዎች ተደባልቀው ይነሳሉ። የቧንቧ ውኃችን ተበክሏል ወይ? ማርጀቱ እየታወቀ ለምን አውጥተው በአዲስ አልተኩትም? እንዲህ ያለው ሥራስ ለምን እንደ መንገድና እንደ ሕንፃ በዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊ ጨረታ አይሰጥም? የመጀመሪያው አጭር መልስ አለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ተለያይተው ቢነገሩም የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ያልተረዳ ሌላውን አይረዳም።

የተሰበረው መስመርና የመጠጥ ውኃው

ኢንተርሴፕተር ከየሰፈሩ የሚመጡ ትናንሽና መካከለኛ የፍሳሽ መስመሮችን ጠልፎ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚያደርስ አውራ መስመር ነው። ፖቶማክ ኢንተርሴፕተር እንዲሠራ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1960 እ.ኤ.አ. የፈቀደው በዋነኝነት በቨርጂኒያ የሚገኘውን፣ ያኔ አዲስ የነበረውን የደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ ለማገልገል ነበር። ዛሬ ከቨርጂኒያ ላውደንና ፌርፋክስ፣ ከሜሪላንድ ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚመጣውን ፍሳሽ ተቀብሎ በቀን ወደ 60 ሚሊዮን ጋሎን ይሸከማል። ርዝመቱ 54 ማይል (87 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። የሚያስተዳድረው ዲሲ ዋተር የተባለው የዋሽንግተን የውኃና የፍሳሽ ተቋም ሲሆን ፍሳሹ መጨረሻ ላይ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ወደሚገኘው ብሉ ፕሌይንስ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል።

የመጠጥ ውኃው ከሌላ ሥርዓት ይመጣል። ዋሽንግተን ዲሲና አርሊንግተን ውኃ የሚያገኙት በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ከሚተዳደረው ዋሽንግተን አኩዌደክት ነው። ይህ ተቋም ከወንዙ የሚቀዳባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። ዋናው ግሬት ፎልስ ከአደጋው ቦታ በላይ ነው፤ ወንዙ ወደ ኋላ ስለማይፈስ የተደፋው ፍሳሽ አይደርስበትም። ሁለተኛው ሊትል ፎልስ ከአደጋው በታች ስለሆነ ከአገልግሎት ውጭ ተደርጎ ነበር። የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ነዋሪዎች የሚጠቀሙበት የደብሊው ኤስ ኤስ ሲ (በሜሪላንድ በኩል ያለው የውኃና የፍሳሽ ተቋም) የፖቶማክ ማጣሪያ ጣቢያም ከአደጋው በላይ ነው። ጉዳቱ የወንዙ ነበር፦ ለዓሣ አጥማጁ፣ ለጀልባ ቀዛፊው፣ ውሻውን ውኃ ዳር ለሚያንሸራሽረው፤ የቤት ቧንቧ ውኃ አልተነካም።

ኮንክሪቱን የሚበላው ምንድን ነው?

ኮንክሪት ቧንቧ በዕድሜ ብቻ አይሞትም። በአውሮፓ ከተሞች ከመቶ ዓመት በላይ የሚያገለግሉ የጡብ መስመሮች አሉ፤ በአንጻሩ በ30 ዓመቱ ጣሪያው የተበላ ኮንክሪት አለ። ልዩነቱ ውስጡ ባለው ጋዝ ነው።

ፍሳሽ በዝግታ ሲሄድና ብዙ ሰዓት ሲቆይ በውስጡ የሟሟው ኦክስጅን ያልቃል። ከቧንቧው ግድግዳ በሚለጠፈው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለውጣሉ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ይህ ነው። ፍሳሹ በሚናወጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከፍ ካለ መስመር ዝቅ ወዳለው በሚወርድበት ማንሆል (ወደ መስመሩ መግቢያ ጉድጓድ)፣ ጋዙ ከፈሳሹ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ይወጣል። እዚያ እርጥብ ኮንክሪት ላይ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይቀበሉትና ሰልፈሪክ አሲድ ያደርጉታል። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ በአዲስ ኮንክሪት ላይ 12 ወይም 13 ነው፤ በተበላ ጣሪያ ላይ እስከ 1 እና 2 ይወርዳል። ሲሚንቶው ወደ ጂፕሰም ይቀየራል፤ በጣት ሲነካ እንደ ሊጥ የሚለቅ ነጭ ነገር።

አሲዱ በዓመት 2 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ፌሮውን የሚሸፍነው 25 ሚሊ ሜትር ኮንክሪት በ12 ዓመት ከመንፈቅ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዝገት ይቀጥላል። ቢሆንም የተበላ ቧንቧ ወዲያው አይወድቅም፤ በዙሪያው የታመቀው አፈር ግራና ቀኝ ደግፎ ለዓመታት ያቆመዋል። መደርመስ የሚጀምረው በስንጥቁ የከርሰ ምድር ውኃ ገብቶ አፈሩን ወደ ውስጥ ሲያጥብና ከቧንቧው ውጭ ባዶ ቦታ ሲፈጠር ነው። ቧንቧው ሲቀበር በዙሪያው ደቃቅ ጠጠር መሞላት ሲገባው ትልቅ ድንጋይ ከተጣለበት ደግሞ ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። በፖቶማክ ጥገና ወቅት ቧንቧው ውስጥ ትላልቅ ድንጋዮች ተከማችተው ፍሰቱን ዘግተው ነበር፤ ሥራውንም አጓትተዋል።

ከላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም። ካሜራ ይላካል፣ ግን ካሜራ ከውኃው በላይ ያለውን ብቻ ያሳያል። ከውኃው በታች ያለውን ደለል ሶናር ይለካል፤ ጣሪያው ስንት ሚሊ ሜትር እንደተበላ የሚያሳየው ሌዘር ነው። የካሜራው ውጤት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፣ 5 ከሁሉ የከፋው ነው። ደረጃው ያየውን ይናገራል እንጂ ከግድግዳው ጀርባ አፈር ይኑር ባዶ ቦታ አያውቅም። ለዚህ ግድግዳውን በስቶ ከኮንክሪቱ ናሙና መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ናሙናው የጉዳቱንም ጥልቀት ያሳያል። ናሙናው ላይ ፊኖልፍታሊን የተባለ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ጤናማው ኮንክሪት ደማቅ ሮዝ ይሆናል፣ የተበላው ቀለሙን አይቀይርም። ድንበሩ የት እንደሆነ በማስመሪያ ይለካል።

ቆፍሮ መተካት ለምን ይከብዳል?

ችግሩ ቧንቧው ሥራ ማቆም አለመቻሉ ነው። በቀን 60 ሚሊዮን ጋሎን ማለት በሰከንድ 2.6 ሜትር ኩብ ነው፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ 200 ሊትር የሚይዙ 13 በርሜሎች። ይህ ፍሰት ለአንድ ሌሊት እንኳ «ቆይ» አይባልም። ማለፊያ መስመር (ባይፓስ) ያስፈልጋል፦ ከላይኛው ማንሆል በፓምፕ ስቦ፣ በመሬት ላይ በተዘረጋ ቧንቧ አሳልፎ፣ ከሚታደሰው ክፍል በታች መልሶ መጣል።

አንድ ትልቅ ተንቀሳቃሽ ፓምፕ በሰከንድ 250 ሊትር ቢገፋ፣ ለአማካዩ ፍሰት ብቻ 11 ፓምፕ ይፈለጋል። ዝናብ ሲጥል ፍሰቱ እጥፍ ቢሆን 22፤ ከዚያ በላይ ተጠባባቂ። እያንዳንዱ ነዳጅ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው፣ ድምፅ መቀነሻ ይፈልጋል። በፖቶማክ የድንገተኛ ጥገና ላይ ፍሳሹ ቦታውን እንዲዞር የተደረገው በአጠገቡ ባለው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ደረቅ ክፍል በኩል ነበር፤ እንዲህ ያለ ታሪካዊ ቦይ አጠገብ መገኘቱ ዕድል ነው፣ በሌላ ቦታ አይገኝም። ፓምፖቹን ደጋግሞ ያስቸገራቸው ሌላ ነገር አልነበረም፣ ዋይፕስ (እርጥብ መጥረጊያ) ነው። «ሽንት ቤት ይጣላል» ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን እንደ ሶፍት አይበታተንም፤ ተገምዶ ፓምፑን ያንቃል። የሕፃናት ዋይፕስ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች በቅርጫት ቢጥሉት ይህን ጉዳይ በተመለከተ ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ ይረዳሉ።

በዚህ ላይ መስመሩ በአደጋው አካባቢ የሚያልፈው በብሔራዊ ፓርክ መሬት ነው። ቁፋሮ ማለት ዛፍ መቁረጥ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት፣ የፌዴራል ፈቃድ ማለት ነው። ስለዚህ ትልልቅ መስመሮች በአብዛኛው የሚታደሱት ከውስጥ ነው።

ከውስጥ የማደስ መንገዶች

አንደኛው በቦታው የሚጠነክር ሽፋን (ላይነር) ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው። ሬዚን (ሲሞቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የጠጣ የጨርቅ ቱቦ በውኃ ግፊት እንደ ካልሲ እየተገለበጠ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በሙቅ ውኃ ወይም በእንፋሎት ይጠነክራል። በአነስተኛ መስመር ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በ1.83 ሜትር ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽፋኑ 40 ሚሊ ሜትር ቢወፍር የአንድ ሜትር ርዝመት ክብደት ወደ 270 ኪሎ ይጠጋል፤ 150 ሜትር ማለት 40 ቶን ነው። ይህን በፋብሪካ ሬዚን አጠጥቶ በመኪና ማምጣት ስለሚያስቸግር ሬዚኑ የሚጠጣው እዚያው ማንሆሉ አፍ ላይ ነው። ሙቀት ከበዛ ከመግባቱ በፊት መጠንከር ይጀምራል። ከውጭ ቀዝቃዛ የከርሰ ምድር ውኃ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ወገን ሙቀቱን ይነጠቅና ሳይጠነክር ይቀራል። ለዚህ ነው በሽፋኑና በአሮጌው ቧንቧ መካከል የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች የሚቀበሩት፤ የማሞቂያው ውኃ ሙቀት ብቻ ተነቦ «በስሏል» ከተባለ ጉድለቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሁለተኛው በአሮጌው ውስጥ አነስ ያለ አዲስ ቧንቧ መግፋት ነው፤ ስሊፕላይኒንግ ይሉታል። ቧንቧው በአብዛኛው በፋይበርግላስ የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፍሳሹ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም መሥራት መቻሉ ነው፤ በዚህ የባይፓስ ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። መስመሩ በሚጠመዘዝበት ቦታ ግን ረጅም ቧንቧ አያልፍም፣ አጭር አጭር መጠቀም ግድ ይላል።

ብዙ ተቋራጭ የሚሳሳተው በግራውት ላይ ነው። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ክፍተት በቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ መሞላት አለበት። የውጭ ስፋቱ 1.6 ሜትር የሆነ ቧንቧ 1.83 ውስጥ ቢገባ በሜትር 0.62 ሜትር ኩብ ግራውት ይፈልጋል። ቧንቧው ግን በእርጥብ ግራውት ውስጥ ይንሳፈፋል። ግራውቱ በሜትር ኩብ 800 ኪሎ ቢመዝን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል በእያንዳንዱ ሜትር 1.6 ቶን ነው፤ የቧንቧው የራሱ ክብደት ከዚህ አንድ አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ከተሞላ ቧንቧው ይነሳና ቁልቁለቱን ያጣል፣ ወይም በግፊቱ ይጨፈለቃል። መፍትሔው ውስጡን በውኃ ወይም በፍሳሽ ማክበድና ግራውቱን በየደረጃው፣ አንዱ ሲጠነክር ሌላውን እያስከተሉ መሙላት ነው።

ሦስተኛው በእጅ ወይም በሚሽከረከር ማሽን የሚረጭ ሽፋን ነው፤ ለጠማማና ክብ ላልሆነ መስመር ይመቻል። የሲሚንቶ ዘር ከሆነ ግን የመጀመሪያውን የበላው አሲድ እሱንም ይበላዋል። ጋዙ ካልተቀነሰ ወይም አሲድ የሚቋቋም ድርብ ካልተጨመረ በዚህ መስመር ላይ መምረጡ ገንዘብ ማባከን ነው።

«መስመሩ ሲጠብ ፍሳሹን ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአንድ ቧንቧ አቅም በስፋቱና በግድግዳው ልስላሴ ይወሰናል። 40 ሚሊ ሜትር ሽፋን ስፋቱን ወደ 1.75 ሜትር ቢያወርደውም አዲሱ ግድግዳ ልሙጥ ስለሆነ አቅሙ ከመጀመሪያው ኮንክሪት በ15 በመቶ ገደማ ሊጨምር ይችላል። የውስጥ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ አዲስ ቧንቧ ከተገፋ ግን ልስላሴው ተጨምሮበትም አቅሙ ከቀድሞው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ዘዴው የሚመረጠው በየክፍሉ ቁልቁለት፣ ፍሰትና ጉዳት ነው፤ ለ54 ማይል አንድ መልስ የለም።

ዝቅተኛው ዋጋ የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

የተለመደው መንገድ ዲዛይን-ቢድ-ቢልድ ነው። አማካሪ መሐንዲስ ንድፉን ጨርሶ ያስረክባል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ለትምህርት ቤት ሕንፃ ጥሩ ነው፤ ስንት ብሎኬት እንደሚገባ አስቀድሞ ይታወቃል። ለተቀበረና ፍሳሽ ለሞላ ቧንቧ ግን ንድፉ የሚሠራው ምናልባት ከሦስት ዓመት በፊት በተነሳ ቪዲዮ ላይ ነው።

ደለልን ብቻ እንውሰድ። የጨረታው ሰነድ 10 ሴንቲ ሜትር ደለል አለ ብሎ ቢገምት፣ በ1.83 ሜትር ቧንቧ ውስጥ በኪሎ ሜትር 56 ሜትር ኩብ ነው። ሲገባ 30 ሴንቲ ሜትር ቢገኝ 281 ሜትር ኩብ ይሆናል። ክብ ስለሆነ ጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን መጠኑ አምስት እጥፍ ያድጋል። ያንን ሁሉ አውጥቶ፣ አጠንፍፎ፣ ወደ ተፈቀደ ቦታ ማጓጓዝ አለ፤ ሥራው በረዘመ ቁጥር ደግሞ የፓምፕ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። ተቋራጩ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ አሠሪው «ሰነዱን አይተህ ነው የገባህበት» ይላል፤ አማካሪው የራሱን ግምት ይከላከላል። ሦስቱ ሲጻጻፉ ፓምፑ አይቆምም።

ብልህ ተጫራች ይህን አስቀድሞ ያውቃል። የደለል መጠን ዝቅ ተደርጎ እንደተገመተ ከጠረጠረ ጠቅላላ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የደለል ማውጫውን ነጠላ ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፣ ሲሸነፍ የማይጎዳበት፣ ሲያሸንፍ ደግሞ በለውጥ ትዕዛዝ (ከውሉ በኋላ በሚታዘዝ ተጨማሪ ሥራና ክፍያ) የሚያተርፍበት ጨዋታ ነው። ዝቅተኛ ሆኖ የተከፈተው ፖስታ በሥራው ማብቂያ ላይ ከሁለተኛው ተጫራች በልጦ መገኘቱ በዚህ ዘርፍ የሚያስገርም አይደለም።

በጋራ መንደፍና መገንባት ሲባል

አማራጩ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ዲዛይን-ቢልድ ይባላል፤ የትብብር ውል ነው። ተቋራጩና ንድፍ አውጪው እንደ አንድ ቡድን የሚመረጡት ንድፉ ገና ሳይጀመር ነው። ምርጫው በልምድ፣ በሚመደቡት ባለሙያዎችና በሚጠይቁት የትርፍና የአስተዳደር ወጪ መቶኛ ይሆናል፤ ጠቅላላ የግንባታ ዋጋ በዚያ ጊዜ የለም።

በምዕራፍ አንድ ቡድኑ ራሱ ይመረምራል። ፓምፑን የሚተክለው ሰው ማንሆሉ ጋ መኪና መቆሚያ መኖሩን ያያል፤ ላይነሩን የሚያስገባው የቧንቧውን ስፋት በየአሥር ሜትሩ ይለካል። ንድፉ 60 በመቶ ገደማ ሲደርስ ዋጋው በክፍት መዝገብ ይቀርባል። ክፍት መዝገብ ማለት አሠሪው የንዑስ ተቋራጮችን ዋጋ፣ የሠራተኛ ሰዓትና የቁሳቁስ ደረሰኝ እንደወረደ ያያል ማለት ነው። ያልታወቁት ነገሮች በአደጋ መዝገብ ይሰፍራሉ፦ ደለል ከተገመተው ቢበልጥ ስንት፣ ከግድግዳው ጀርባ ባዶ ቦታ ቢገኝ ስንት፣ ከባድ ዝናብ ቢመጣ ስንት ቀን፤ እያንዳንዱ በማን ኪስ እንደሆነ ይጻፋል። ከዚያ የዋጋ ጣሪያ ይፈረማል። ከጣሪያው በላይ ቢወጣ የቡድኑ ኪሳራ ነው፤ ቢተርፍ በተስማሙበት መሠረት ይካፈላሉ ወይም ለአሠሪው ይመለሳል። ካልተስማሙ አሠሪው ለተሠራው ንድፍ ከፍሎ፣ ሰነዱን ይዞ፣ ግንባታውን ለሌላ ማውጣት ይችላል።

ለፍሳሽ ሥራ ትልቁ ጥቅም ዋጋው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ይመስለናል። የፋይበርግላስ ቧንቧ በትዕዛዝ ይመረታል፣ ወራት ይወስዳል። በዚህ ውል ቀሪው ንድፍ ሳያልቅ ቧንቧው ይታዘዛል፣ ከሁሉ የከፋው ክፍል ደግሞ እንደ ቀዳሚ ሥራ ተለይቶ ይጀመራል። ደረጃ 5 የተሰጠው ክፍል የጠቅላላውን ሰነድ መጠናቀቅ አይጠብቅም።

ይህን ከተለመደው ዲዛይን-ቢልድ መለየት ያስፈልጋል። ዲሲ ዋተር የአናኮስቲያ ወንዝን ትልልቅ የፍሳሽ ዋሻዎች በዲዛይን-ቢልድ አሠርቷል፤ እዚያ ግን ቡድኑ ዋጋውን የሚቆርጠው ሲመረጥ ነው። አዲስ ዋሻ በናሙና ቁፋሮ በተጠና አፈር ውስጥ ስለሚሄድ ይህ ያስኬዳል። በሥራ ላይ ያለ አሮጌ ቧንቧ ግን የሚታወቀው ከተገባበት በኋላ ነው።

የተቃዋሚዎች ክርክር

ተቃውሞው ባዶ አይደለም። የመጀመሪያው የውድድር ጉዳይ ነው፦ ዋጋ የሚቀርበው አንድ ቡድን ብቻ ከቀረ በኋላ ነው። ንድፉ ላይ አንድ ዓመት ያለፈ፣ ቧንቧውም እየባሰበት ያለ አሠሪ «ተለያይተናል» የማለት አቅሙ በወረቀት ላይ ይቀራል። ቡድኑም ይህን ያውቃል። ሁለተኛው ንድፍ አውጪው ከተቋራጩ ጋር ስለተሻረከ ለአሠሪው ወግኖ የሚናገር መሐንዲስ መጥፋቱ ነው። ሦስተኛው አነስተኛ የአካባቢ ተቋራጮች ለእንዲህ ያለ ምርጫ የሚፈለገውን ልምድ ማሳየት ስለማይችሉ በዋናነት ገብተው መሥራት አይችሉም፤ ብዙ ስደተኛ ባለንብረቶች ያሉበት የጭነት መኪናና የቁፋሮ ዘርፍም እዚህ ውስጥ ነው።

ደጋፊዎች ለመጀመሪያው መልሳቸው ገለልተኛ ዋጋ ገማች ነው። ይህ ባለሙያ የቡድኑን ቁጥር ሳያይ ከዚያው ንድፍ ተነስቶ የራሱን ግምት ይሠራል፤ ሁለቱ በየመስመሩ ይነጻጸራሉ። ሠርቶ የሚታይ መድኃኒት ነው፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ገማቹ ራሱ ባይፓስና ላይነር የሠራ መሆን አለበት። የመንገድ ዋጋ የሚያውቅ ሰው የፓምፕ ኪራይ ሲጋነን አይነቃም። ለሁለተኛው ደግሞ አሠሪው ቢያንስ ጥቂት የራሱ ባለሙያዎችን መቅጠርና የጥራት ቁጥጥሩን (የላይነር ናሙና ምርመራን፣ የግራውት መጠን ልኬትን) በራሱ እጅ ማቆየት አለበት። ይህ አቅም የሌለው መሥሪያ ቤት ወደ ትብብር ውል ባይገባ ይሻለዋል። ዝቅተኛ ዋጋ ቢያንስ ደካማ አሠሪን በመጠኑ ይጠብቃል፣ ክፍት መዝገብ ግን ለማያነብ ሰው ክፍት ሆኖም ዝግ ነው።

በመካከል የሚቆሙም አሉ፦ ርዝመታቸው የታወቀ፣ ቀጥ ያሉና ደረጃ 3 የሆኑ ክፍሎች በተለመደው ጨረታ ይውጡ፣ የትብብር ውሉ ለከፉትና ለማይገመቱት ብቻ ይሁን። በእኛ ግምት ለፖቶማክ ዓይነት ረጅም መስመር ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል፤ ሁለት ዓይነት ውል በአንድ መስመር ላይ ማስተባበር ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ በተለይ የአንዱ ባይፓስ በሌላው ማንሆል ሲያልፍ።

ሂሳቡ ወደ ቤት ሲመጣ

መጠበቅም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 24 ቀን 2016 በሚሺጋን ፍሬዘር ከተማ፣ «15 ማይል» በሚባለው መንገድ ሥር 11 ጫማ ስፋት ያለው ኢንተርሴፕተር ተደርምሶ መሬቱ ሰመጠ፣ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጡ፤ ጥገናው ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ያው መስመር በዚያው መንገድ ላይ በ2004ም ተደርምሶ ነበር። ድንገተኛ ጥገና የሚወደደው አንድም ተደራዳሪ ስለሌለ፣ አንድም በዕቅድ ጊዜ በወራት የሚተከለው ባይፓስ በቀናት መተከል ስላለበት ነው።

የፖቶማክ መስመር ወጪ በዲሲ ነዋሪ ላይ ብቻ አያርፍም። ብሉ ፕሌይንስን የሚጋሩት ዲሲ፣ ሞንትጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ፌርፋክስና ላውደን በተፈረሙ ስምምነቶች መሠረት እንደ ድርሻቸው ይከፍላሉ፤ እያንዳንዱ ተቋም ደግሞ ድርሻውን ከደንበኞቹ ይሰበስባል። በአብዛኛው የፍሳሽ ክፍያ የሚሰላው በተጠቀሙት ውኃ መጠን ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ባለበት ቤት ጭማሪው ጎልቶ ይታያል። ውኃ በኪራይ ውስጥ የተካተተላቸው ተከራዮች በቀጥታ አያዩትም፣ በውል እድሳት ጊዜ ግን ሊመጣ ይችላል።

በዲሲ ሂሳብ ላይ ንጹህ ወንዞች ተብሎ የሚመጣው ክፍያ ሌላ ነው። እሱ የሚሰላው ውኃ በማያሰርገው ጣሪያና አስፋልት ስፋት ሲሆን የሚውለውም ዝናብና ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ በሚሄዱበት፣ የከተማዋን አንድ ሦስተኛ ገደማ በሚሸፍነው አሮጌ ክፍል ለሚሠሩት ዋሻዎች ነው። ፖቶማክ ኢንተርሴፕተር የፍሳሽ ብቻ መስመር ስለሆነ ከዚያ ክፍያ ጋር አይያያዝም። ተቋማቱ የዋጋ ማሻሻያ ሲያቀርቡ ሕዝባዊ ስብሰባ ይጠራሉ፤ እዚያ ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ጨመረ?» ብቻ አይደለም፦ ደረጃ 4 እና 5 የሆነው ስንት ማይል ነው፣ በዚህ ዓመት ስንቱ ይታደሳል፣ የዋጋ ጣሪያውን ማን በገለልተኛነት ገመተው፣ በተቋራጩና በገማቹ መካከል የነበረው ልዩነትስ በየትኛው ሥራ ላይ ነበር?